ማስመለስ የሚያቆመው መርፌ

ዚናይዳ ሶኬኒ መንደር የገባችው በሃያ ዓመቷ፣ ድንች በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ የመድኃኒት ሣጥኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነው። ጊዜው የሶቭየት ጊዜ ነበር። የጤና ረዳትነት ትምህርቷን ጨርሳ ወረቀቷ ላይ ማኅተም ሲያርፍ፣ የት መሄድ እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው የለም። ሾፌሩ መንደሩ መሃል፣ ጉድጓዱ ዘንድ አወረዳትና «በይ እንግዲህ ዶክተር፣ እዚህ ነሽ» ብሏት ሄደ። ዶክተር አይደለሁም ልትለው አፏን ስትከፍት አቧራው ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላም ለሠላሳ ስምንት ዓመት ዶክተር አይደለሁም ብላ ያልነገረችው ሰው የለም፤ የሚሰማት ግን አላገኘችም። አዋለደች፣ መጥረቢያ ያገኘው እግር ሰፋች፣ ሰክረው የተፈነካከቱትን ጠቅልላ አስታረቀች፤ አንድ ጊዜም የቄሱን ላም አዋልዳለች። ንብ አናቢውን ኮርኔልን አገባች። ልጅ አልሰጣቸውም። ግን የመንደሩን ልጆች እኩሌታ ክርስትና ያነሳችው እሷ ስለሆነች በየቤቱ አበልጅ ነበራት።

ሙቀቱ ሲበረታና ሐብሐቡ ሲበስል የልጆች ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል። በየዓመቱ ነው የሚመጣው፣ እንደ ዝንቡ። ምን ማድረግ እንዳለባት ያስተማራት የወረዳው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ላዛር ነበር፤ ጢሙ በትንባሆ የወየበ፣ ሰው ፊት ሲቆጣ የማያፍር፣ ለታመመ ሕፃን ሲል ግን ምሳውን ትቶ የሚነሳ ሰው።

«የተሰበረ እግር አይሄድም፤ የታመመ ሆድም አይጠጣም» አላት። «ማስመለሱ እስኪያቆም ጠብታ እንዳይገባ። ሆዱ ይረፍ። አልቆም ካለ ወደኔ ላኪው፣ ግሉኮስ እሰቅልለታለሁ።»

ደብተሯ ላይ ጻፈችውና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

በሦስተኛው ዓመት ዳኒላ የሚባል የዓመት ተኩል ልጅ ታመመ። እናቱ ታሲያ የወተት ጣቢያው ሠራተኛ ነበረች። ልጁ ከጎህ ጀምሮ ያስመልሳል። ዚናይዳ እንደታዘዘችው ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ውሃ እንዳይሰጡት ልትጠብቅ። ልጁ «ውሃ» ማለትን የተማረው በዚያው ወር ነበር። ሲደክመው ዝም ይላል፤ ሲነቃ «ውሃ» ይላል፤ ጣቱንም ወደ ባልዲው ይዘረጋል። እናቱ ዚናይዳን ታያለች፤ ዚናይዳ ደብተሯን ታያለች።

«ትንሽ ብቻ፣ ከንፈሩን ላርጥብለት?»

«አይሆንም፣ እንደገና ያስመልሰዋል።»

ከቀትር በኋላ መኪና ተገኝቶ ልጁ ሲጫን ዐይኑ ጎድጉዷል፣ ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም። ወረዳው ከተማ ሳይደርስ በእናቱ ክንድ ላይ አረፈ።

ዶክተር ላዛር ሁሉንም ጠይቆ ሰማ። ከዚያ ትከሻዋን ያዘና «ያደረግሽው ሁሉ ትክክል ነው። የዘገየው መኪናው ነው» አላት። አመነችው። ማመን ያስፈልጋት ነበር።

ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ በካርቶን የታሸጉ ትንንሽ ከረጢቶች መጡ፤ እያንዳንዱ ውስጥ ጨውና ስኳር የመሰለ ዱቄት። አብሮት የመጣው ወረቀት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡት፤ ልጁ ቢያስመልስም ትንሽ ቆይታችሁ በማንኪያ ደጋግማችሁ ስጡት ይላል። ዚናይዳ «ቢያስመልስም» የሚለው ላይ ቆመች። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው። ደብተሯ ጠብታ እንዳይገባ ይላል፤ ይኼኛው ደጋግማችሁ ስጡ ይላል። ሁለቱም ከአንድ ቢሮ የወጡ ናቸው። አውቶቡስ ይዛ ወረዳ ሄደች።

«አዲሱን አድርጊ» አላት ዶክተር ላዛር፣ ከሚጽፈው ቀና ሳይል።

«የድሮውስ?»

«የድሮው የድሮ ነው።»

«እንግዲያ ዶክተር፣ ዳኒላ…»

«የትኛው ዳኒላ?» አለ።

ረስቶታል። ዚናይዳ ወጣች። አውቶቡሱ የታሲያን ቤት ሲያልፍ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ለምን እንዳዞረች ግን አልገባትም። ጥፋቷ ከሆነ ሄዳ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ምን ያሸሻታል?

ከዚያ መንግሥቱ ፈረሰ፣ ገንዘቡ ተለወጠ፣ ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ አገር ጥሎ ሄደ። ከረጢቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በሱ ፈንታ ማስመለስ የሚያቆም መርፌ መጣ፤ የጣት ግማሽ የምታህል ብልቃጥ። እናቶች ወደዱት። ማንኪያ ይዞ ሁለት ሰዓት ልጅ አጠገብ መቀመጥን ማን ይወዳል? የመርፌ ጩኸቱ ለደቂቃ ነው፤ ልጁም በግማሽ ሰዓት ጸጥ ብሎ ይተኛል። «የእትዬ ዚና እጅ ራሱ መድኃኒት ነው» ተባለላት። እውነቱን ለመናገር እሷም ወደደችው። የታመመ ልጅ አጠገብ እጅን አጣምሮ መቀመጥን ከዳኒላ ወዲህ አትችለውም ነበር።

ጡረታዋ አራት ዓመት ሲቀረው፣ ለወረዳው ሆስፒታል ኦቲሊያ የምትባል ወጣት የሕፃናት ሐኪም መጣችለት። የመንደር ጤና ረዳቶችን ሰብስባ፣ ያንን መርፌ ለትንንሽ ልጆች አትውጉ አለች። ዚናይዳ ደብተሯን አወጣች፣ እስክሪብቶውን ያዘች፣ አልጻፈችም። ቤት ገብታ ለኮርኔል ነገረችው።

«መርፌውም ቀረ አሉ።»

ኮርኔል የቀፎ ክዳን እየጠገነ ነበር። «ዘንድሮ ቀረ፣ ከርሞ ይመለሳል» አለ። «እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ንገሪኝ።»

እሷም ግማሽ የቀረውን የብልቃጥ ሣጥን አልጣለችውም፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ዘጋችበት።

በዚያው ዓመት የፍልሰታ ዕለት፣ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በሚነግሥበት ቀን፣ የግላፊራ የልጅ ልጅ ታመመች። ግላፊራ ለዚናይዳ ጎረቤቷም አበልጇም ናት፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ግን ዳቦ። ልጇ ኢሊንካ፣ ዚናይዳ ክርስትና ያነሳቻት፣ ጣሊያን አገር አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። የኢሊንካ ልጅ ሳቢና የሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን ከአያቷ ጋር ነው ያለችው።

ጾሙ ተፈቷል፤ ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል፤ በጥቅል ጎመን ቅጠል የተጠቀለለው ሥጋ በድስት ይንተከተካል። ሳቢና ግን ጠዋት ስድስት ጊዜ አስመልሳ አልጋ ላይ ተዘርራለች። ዚናይዳ ስትገባ እንግዳው አልጋውን ከቦ እየመከረ ነበር። አንዷ ጋዙ የወጣለት ኮካና ጨው ያለው ደረቅ ዳቦ ትላለች። አንዷ የናና ሻይ። አንድ ሽማግሌ የቤት አረቄ ሆዷ ላይ ቀቡላት፤ የተረፈውን ለኔ ይላሉ።

ዚናይዳ ከረጢቱን በጥብጣ በሻይ ማንኪያ ጀመረች። በሦስተኛው ማንኪያ ልጅቷ መለሰችው።

«አየሽ?» አለች ግላፊራ። «አንቺ ታስገቢያለሽ፣ እሷ ታስወጣለች። መርፌውን አምጪ።»

«አትውጉ ተብለናል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«አዲሷ ዶክተር።»

«ስንት ወልዳለች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንድም አልወለደችም፤ ፊቷ ይናገራል። ኢሊንካን ስንቴ ወግተሻታል? ሞተች? ጣሊያን ነው ያለችው።»

በዚህ መሃል ኢሊንካ በስልክ ደወለች፤ ፊቷ የስልኩ መስተዋት ላይ በእንባ ርሶ ታየ። «እማማ ዚና፣ በማርያም፣ አንድ ነገር አድርጊላት። ዝም ብለሽ አትያት።»

ዚናይዳ ዝም ብላ ማየቱን ነበር የማትችለው። ቤቷ ሄደች፣ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ግማሽ ብልቃጥ ቀድታ መጥታ ወጋቻት። ሳቢና ትንሽ አለቀሰችና ተኛች። እንግዳው «እሰይ» ብሎ ወደ ማዕዱ ተመለሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግላፊራ ከውስጥ ተጣራች። ድምፁ የግላፊራ አይመስልም ነበር። ዚናይዳ ስትደርስ የልጅቷ አንገት ወደ ግራ ተጠምዝዞ ደርቋል፤ ዐይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ምላሷ ከአፏ ወጥቶ አልገባ ብሏል።

«የሰው ዐይን ነው» አለች ግላፊራ። «ያቺ ከማዶ መንደር የመጣችው ሴትዮ ጠዋት ‹ምንኛ ታምራለች› ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ዐይኑን ልታረክስ ክብሪት እየጫረች፣ የነደደውን እንጨት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትጥል፣ ከንፈሯንም ታንቀሳቅስ ጀመር።

ዚናይዳ በልቧ ማጅራት ገትር አለች፤ ግንባሯን ስትዳስሳት ግን ትኩሳት የለም። የሚጥል በሽታ ነው አለች፤ ግን ልጅቷ ራሷን አልሳተችም፤ ስሟን ሲጠሯት በዚያ በተሰቀለ ዐይን ስር እንባዋ ይወርዳል። መመረዝ ይሆን? ሁሉም ከአንድ ድስት ነው የበላው። በሠላሳ አራት ዓመት ያየችውን አንድ በአንድ አነሳች፤ አንዱም አልገጠመላት። መርፌውን አሰበችው፣ ወዲያው ደግሞ ተወችው፤ ስንቱን ልጅ ወግታበታለችና።

ኮርኔል ማርና ጭስ የሚሸተውን አሮጌ መኪናውን አስነሳ። ግላፊራ ልጅቷን ታቅፋ ከኋላ፣ ዚናይዳ ጎኗ። መንገድ ላይ ኮርኔል አንድ ጊዜ «ዚና፣ ምንድነው?» አላት፤ «አላውቅም» አለችው።

ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ኦቲሊያ አጭር፣ ፀጉሯን በጎማ ያሰረች፣ ነጠላ ጫማ የተጫማች ሴት ናት። ልጅቷን አንድ ጊዜ አየቻትና ዞረች።

«ምን መድኃኒት ነው የወሰደችው?»

«እኔ ወግቻታለሁ» አለች ዚናይዳ። «ማስመለስ ማቆሚያውን። ግማሽ ብልቃጥ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ኦቲሊያ ወደ ግላፊራ ዞረች። «ቤት ውስጥ የሰጣችኋት ሌላ ነገር አለ?»

ግላፊራ ሻሿን አስተካከለች። መልሳ ፈታችው። «ጠዋት…» አለች። «ለኔ ለማቅለሽለሽ ኢሊንካ ከላከችልኝ ክኒን፣ እሩብ። እሩብ ብቻ ነው።» ከደረቷ ስር የተጨማደደ ማሸጊያ አወጣች። ኦቲሊያ አነበበችው፤ የተጻፈበት ስም ሌላ ነው እንጂ መድኃኒቱ ያው፣ ሲበዛ የልጅ ጡንቻ የሚያኮማትረው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዚናይዳ።

«አልጠየቅሽኝማ።»

እውነቷን ነው። አልጠየቀቻትም።

ኦቲሊያ ማርከሻውን መድኃኒት በደም ሥር ሰጠች። ሁሉም አንገቷን እያዩ ቆሙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንገቱ ላላ፣ ዐይኗ ወረደ፣ ምላሷ ገባ። ሳቢና ዙሪያዋን አየችና «ጫማዬስ?» አለች። በጥድፊያው ጫማዋን ያሰበው አልነበረም። ዚናይዳ ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጠች።

«የኔው ግማሽ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይኼ ይመጣ ነበር?»

«ለሷ ክብደት ብቻውንም ብዙ ነው» አለች ኦቲሊያ። «ግን ላይመጣ ይችል ነበር። ሊመጣም ይችል ነበር።»

ልጅቷ ግን ገና ከንፈሯ ደረቅ ነው፣ ገና ያቅለሸልሻታል። ኦቲሊያ ምላስ ላይ የምትቀልጥ ስስ ክኒን በክብደቷ ልክ አመጣች።

«ይኼ ምንድነው?»

«ማስመለሱን ይቀንስላታል።»

ዚናይዳ ግራ ገባት። «ማስመለስ ማቆሚያ አትስጡ አላሉንም እንዴ?»

«መርፌውን ነው ያልኩት። ይኼ ሌላ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚህ እኛ እያየናት። ዋናው ግን እሱም አይደለም፣ እትዬ ዚና። እሱ በር መክፈቻ ነው። ዋናው እርስዎ የሚሰጧት ነው።» ብላ የተበጠበጠውን ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ እጇ ላይ አደረገችላት። «ሃያ ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያ በየሁለት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ብትለምንዎት እንኳ አይጨምሩ።»

«ካስመለሳትስ?»

«አሥር ደቂቃ ያሳርፏትና እንደገና ይጀምሩ።»

ዚናይዳ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ጀመረች። አንድ ማንኪያ። ሁለት ደቂቃ። አንድ ማንኪያ። ሳቢና አንድ ጊዜ መለሰችው፤ ዚናይዳ አሥር ደቂቃ ጠብቃ ቀጠለች። ግላፊራ በር ላይ ተቀምጣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ይኼም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጅቷ ሽንቴ መጣ አለች። ውሃው ሰውነቷ ገብቷል ማለት ነው፤ ኦቲሊያ ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያለችው።

ዚናይዳ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ ስለ ዳኒላ ነገረቻት፤ ስለ ባልዲው፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ ደብተሩ። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። «ያኔ ውሃ ብሰጠው ይድን ነበር?»

ኦቲሊያ የልጅቷን ከንፈር ዳሰሰች። «አልተወለድኩም ነበር፣ እትዬ ዚና። ሊድን ይችል ነበር። ባይድንም እኮ… አላውቅም። ያኔ መጽሐፉ እንደዚያ ነበር የሚለው፤ የኔም አስተማሪዎች እንደዚያ ነው የተማሩት።»

ዚናይዳ የፈለገችው ወይ አጥፍተሻል፣ ወይ አላጠፋሽም እንድትባል ነበር። ሁለቱንም አላገኘችም።

በማግስቱ ሳቢና ቤቷ ገባች። ዚናይዳ የብልቃጥ ሣጥኑን ለሆስፒታሉ አስረከበች። ከዚያ ወዲህ የሚያስመልስ ልጅ ይዛ ለመጣች እናት ሁሉ ከረጢትና ማንኪያ ትሰጣለች፤ አስቀድማም «ምን ሰጥተሽዋል? ክኒን? ሽሮፕ? የጎረቤት መድኃኒት?» ብላ ትጠይቃለች። እናቶቹ አልወደዱትም። «ዚና አረጀች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ መውጋት ፈርታለች» አሉ፤ ለመርፌ ብለው ማዶ መንደር የሄዱም አሉ። በመከር አንድ ልጅ አረንጓዴ እያስመለሰ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ መጣላት። ማንኪያውን ሳትነካ መኪና አስጠራች፤ አንጀቱ ተጠማዝዞ ኖሮ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ዳነ። ሰው አመሰገናት። እሷ ግን ቤቷ ገብታ፣ በመርፌው ዘመን ቢሆን ወግቼ አስተኛው ነበር ወይስ አውቅ ነበር እያለች ራት ሳትበላ ቀረች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታሲያ ቤት ሄደች። ታሲያ አርጅታለች፤ በረንዳዋ ላይ የዋልነት ለውዝ በመዶሻ ትሰብራለች። ዚናይዳ መቀመጫ ሳይሰጣት ቆማ ተናገረች። ያኔ ውሃ መከልከሌ ስሕተት ነበር፤ ትክክሉ መስጠት ነው አሉ። ይቅር በዪኝ።

ታሲያ ዋልነቱን መስበሯን አቆመች።

«ሰጥቼዋለሁ እኮ» አለች።

«ምን?»

«አንቺ መኪና ልትጠሪ ስትወጪ። ሁለት ማንኪያ፣ ሦስትም ይሆናል። ወዲያው አስመለሰው። መንገድ ላይ ሲሞት፣ የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንቺን ሳይሽ የምሸሸው ለዚህ ነው። ታውቂብኛለሽ እያልኩ።»

«እኔን ነው የምትሸሺው? እኔ ነኝ እንጂ አንቺን የምሸሽሽ።»

ተያዩ። ዚናይዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «ውሃው አልገደለውም፣ ታሲያ። ይኼን ያህል አውቃለሁ።»

ታሲያ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ የቀለላት ይመስል ነበር። ከዚያ እንደገና ጨፈገገ። «እንግዲያ ደጋግሜ መስጠት ነበረብኝ» አለች። «እኔ ደግሞ ሲያስመልሰው ጊዜ ፈርቼ ተውኩት።»

ዚናይዳ መዶሻውን ተቀብላት የቀረውን ዋልነት መስበር ጀመረች፤ ታሲያ ትለቅማለች። እስኪመሽ ድረስ ስለ ወተት ጣቢያው፣ ስለ ሞቱትና ስለተሰደዱት ሰዎች አወሩ፤ ስለ ዳኒላ ግን አልደገሙትም።

ለገና ኢሊንካ ከጣሊያን መጣች። ሳቢና ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ ብላለች። ግላፊራና ዚናይዳ ከነሐሴ ወዲህ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበራቸውም፤ ኢሊንካ ሁለቱንም ጠርታ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አሁን እውነቱን ንገሩኝ» አለች። «ልጄን እንደዚያ ያደረጋት የማናችሁ መድኃኒት ነው?»

«የኔ» አለች ዚናይዳ። «ሐኪሟ ግማሹ ብቻውን ብዙ ነው ብላኛለች።»

«የለም፣ የኔ ነው» አለች ግላፊራ። «እኔ እሩቡን ባልሰጣት ያንቺው ምንም አያደርጋትም ነበር። ስንቱን ወግተሽ የለም?»

«ዝም በይ፣ እኔ ነኝ መጠየቅ የነበረብኝ።»

«ጥፋት እንኳ አትለቂልኝም አንቺ ሴትዮ? እኔ ነኝ መናገር የነበረብኝ።»

«ሳታውቂ ነው የሰጠሻት…»

«አላውቅማ፤ አንቺ ነሽ ዶክተሯ።»

«ዶክተር አይደለሁም!»

ኢሊንካ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ክኒኑን የላኩት እኔ፣ አልቅሼ መርፌውን ያስወጋሁት እኔ ልትል ነበር፤ ሁለቱም ፋታ አልሰጧትም። ሳቢናን አቅፋ ወጥ ቤት ገባች፣ ድንችና ቢላ ይዛ ተቀመጠች፤ ከማዶ ክፍል ክርክሩ እንደቀጠለ ይሰማታል።